አስም ይዞሽ ሲጋራና አርጊሌ ስታቆሚ

ዕቃው ታጥቧል፣ ልጆቹ ተኝተዋል። አንቺ በረንዳ ላይ ከልብስ ማስጫው ጀርባ ቆመሽ አንድ ሲጋራ ለኩሰሻል። ከቀኑ ሁሉ "የእኔ" የምትዪው ይህን አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ገብተሽ ስትተኚ ደረትሽ ሲር ሲር ይላል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሳል ይቀሰቅስሽና ፓፍሽን በጨለማ ትፈልጊያለሽ።

ይህ ትምህርት አስም እያለባቸው ሲጋራ ወይም አርጊሌ ለሚያጨሱ እህቶች ነው። አርጊሌ የምንለው የሊባኖሱን አጠራር ይዘን ነው፤ በገልፍ አገሮች ሺሻ ይሉታል። ማንንም ለመውቀስ አልጻፍነውም። አንዳንዶቻችን ማጨስ የጀመርነው አገር ቤት ሳይሆን እዚሁ ነው፣ ያውም በሥራ። እንግዳ ሲመጣ "አርጊሌ አዘጋጂ" ትባያለሽ። ፍሙን ታቀጣጥያለሽ፤ ጭሱ እንዲነሳም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳብታዎች የምትስቢው አንቺ ነሽ። ይህ በሳምንት አራት አምስት ቀን ከሆነ፣ "እኔ እኮ አላጨስም" ብትዪም ሳንባሽ እያጨሰ ነው።

ጭሱ መድኃኒትሽን ይበላል

አስም የአየር ቧንቧዎች በቀላሉ የሚቆጡበት ሕመም ነው። ሲቆጡ ውስጣቸው ያብጣል፣ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይጨመቃል፣ አክታ ይበዛል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ፓፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው፣ ሳልቡታሞል ነው፤ ብዙዎቻችን ቬንቶሊን እያልን የምንጠራው። የተጨመቀውን ጡንቻ ያላላና በደቂቃዎች ውስጥ እፎይ ያሰኛል፤ እብጠቱን ግን አይነካውም። እብጠቱን የሚያወርደው ሁለተኛው፣ ባያምሽም በየቀኑ የሚወሰደው የስቴሮይድ ፓፍ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር አለ። በሚያጨስ ሰው ላይ የስቴሮይዱ ፓፍ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ "መድኃኒቱን በትክክል እየወሰድኩ ለምን አልተሻለኝም?" ብለሽ ከሆነ፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ላይሆን ይችላል። ከደመወዝሽ ቀንሰሽ የገዛሽውን መድኃኒት ጭሱ እየበላብሽ ነው። ሰማያዊውን ፓፍ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የምትፈልጊው ከሆነ አስምሽ በቁጥጥር ሥር አይደለም ማለት ነው።

አርጊሌው ደግሞ በውሃ ስለሚያልፍ የተጣራ ይመስላል። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ጽሑፍ መሠረት፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አርጊሌ ቁጭታ 100 ሲጋራና ከዚያ በላይ የሚያህል ጭስ ሊስብ ይችላል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም አለ። ፍሙን በተዘጋ ኩሽና ስታቀጣጥዪ ራስሽን የሚያምሽና የሚያቅለሸልሽሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

"ግን እኮ ሲጋራ ያረጋጋኛል" ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ትረጋጊያለሽ። የሚያበሳጭሽ አንዱ ነገር ግን ራሱ ሲጋራው ነው። ኒኮቲን ከደምሽ ሲቀንስ ሰውነትሽ ይቁነጠነጣል፤ ቀጣዩ ሲጋራ የፊተኛው ያመጣውን መቁነጥነጥ ያበርድልሻል። የማዳም ጩኸት፣ የቤተሰብ ናፍቆት፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ግን እዚያው ናቸው።

ሳሉ ሲጨምር አትደንግጪ

ስታቆሚ መጀመሪያ የሚመጣው ብስጭት፣ ራብ፣ የእንቅልፍ ማጣትና የራስ ምታት ነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀን የሚከብድ የለም፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። አምሮቱ ሲነሳ የማያልቅ ይመስላል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይቆይም።

ለአስም ታማሚ አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፤ ሳል። ማጨስ ስታቆሚ የአየር ቧንቧዎችሽ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጠራጊ ፀጉሮች እንደገና መሥራት ይጀምራሉ፤ ለዓመታት የተከማቸውን አክታ ወደ ላይ ይገፉታል። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ሳልሽ ሊጨምር ይችላል። ብዙ እህቶች እዚህ ላይ ነው የሚሸነፉት፦ "ይኸው ሳቆም ባሰብኝ፣ እንዲያውም ሲጋራው ይሻለኝ ነበር" ብለው እንደገና ይለኩሳሉ። ይህ ሳል ቤት ሲጠረግ እንደሚነሳው አቧራ ነው። ሳሉ ከትንፋሽ እጥረት ጋር ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ሐኪም ይየው። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የስቴሮይዱ ፓፍም በደንብ መሥራት ይጀምራል። ማጨስ አቆምኩ ብለሽ ፓፉን አብረሽ እንዳታቆሚ።

ሁለተኛው ያልተጠበቀ ነገር ቡና ነው። (እባክሽ አትቆጪ፣ ተዪው አላልኩም።) የሲጋራ ጭስ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስታቆሚ ያው የለመድሽው ሦስት ሲኒ በደምሽ ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ ልብሽ ይመታል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አንቺም "ሲጋራ ስላጣሁ ነው" ትያለሽ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናሽን በግማሽ ቀንሺ፤ አቦሉን ጠጥተሽ በረካውን ለሌላ ሰው ተዪ። ዕጣኑንም እንደዚያው። የእኛ ዕጣንና የዐረቦቹ በኹር ጭስ ናቸው፣ አስምን ይቀሰቅሳሉ።

ከአስም ሌላ ስኳር ኖሮብሽ ኢንሱሊን የምትወጊ ከሆነ፣ ወይም ለአስም ቴኦፊሊን የሚባል እንክብል የምትውጪ ከሆነ፣ ከማቆምሽ በፊት ለሐኪም ንገሪ። ሲጋራ ሲቆም የእነዚህ መድኃኒቶች መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

በሰው ቤት ሆነሽ እንዴት?

የማቆሚያውን ቀን ቁረጪ። እንግዳ የሚበዛበትን ሳምንትና የረመዳን ማታዎችን አትምረጪ፤ አስምሽ በተነሳበት ሰሞንም አይሁን። እሑድ ዕረፍት ካለሽና ጓደኞችሽ ሁሉ የሚያጨሱ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን እሑድ ሌላ ቦታ ብታሳልፊው ይሻላል።

ሲጋራ የሚያምርሽ መቼ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፦ ከስልክ በኋላ፣ ከስድብ በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ። ያንን አምስት ደቂቃ አሳልፈሽ አትስጪ። ሲጋራውን ተይው እንጂ በረንዳው ላይ መቆሙን አትተዪው። ውሃ ይዘሽ ውጪ፣ ቅርንፉድ ወይም ሄል አኝኪ፣ ጥርስሽን ቦርሺ፣ ለእህትሽ የድምፅ መልእክት ላኪ።

የኒኮቲን ማስቲካና የኒኮቲን ፕላስተር በብዙ ፋርማሲዎች ይገኛሉ፤ አስም ያለባት ሴት ልትጠቀምባቸው ትችላለች። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የልብ ሕመም ካለብሽ መጀመሪያ ጠይቂ። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ቀስ ብለሽ አኝከሽ ምላስሽን ሲለበልብሽ በጉንጭሽና በድድሽ መካከል አስቀምጪው፤ መለብለቡ ሲጠፋ እንደገና አኝኪ። ከእሱ በፊት ለ15 ደቂቃ ቡና አትጠጪ፣ ኒኮቲኑ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። በሲጋራው ፋንታ ቬፕ ማጨስ ግን ለተቆጣ ሳንባ ዕረፍት አይሆንም።

አርጊሌውን ማዘጋጀት ሥራሽ ከሆነ "አልሠራም" ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢያንስ ሳብታውን ማስቀረት ይቻል ይሆናል። አርጊሌውን የሚያስነሳ ትንሽ ፓምፕ ይሸጣል፤ ማዳም እንድትገዛ ጠይቂያት፣ ወይም የሚያጨሰው ሰው ራሱ ያስነሳው። ፍሙን ክፍት በረንዳ ላይ አቀጣጥዪ። ስትናገሪም ስለ ማጨስሽ ሳይሆን ስለ አስምሽ ንገሪ፦ "አና ዐንዲ ረቡ" ማለት "አስም አለብኝ" ነው። ሊባኖስ ውስጥ በ2011 የወጣው ሕግ ቁጥር 174 ማጨስን የሚከለክለው በተዘጉ የሕዝብ ቦታዎች ነው፣ ሰው ቤት ውስጥ አይደርስልሽም። ስለዚህ ያለሽ መንገድ መነጋገር ነው።

ሐኪም ዘንድ አስተርጓሚሽ ማዳም ስትሆን

ማዳም አጠገብሽ ተቀምጣ "ታጨሻለሽ?" ስትባዪ "አይ" ትያለሽ። ማንም ቢሆን እንደዚያ ይል ነበር። ለማዳም የመናገር ግዴታ የለብሽም፤ ሐኪሙ ግን ካላወቀ መድኃኒቱን በከንቱ ይጨምርብሻል። ነርሷን ለብቻሽ እንድታነጋግርሽ ጠይቂ፣ ወይም በስልክሽ ጽፈሽ አሳዪ። "አና ብዳኽን" ማለት "አጨሳለሁ" ነው። ፓፉን "በኻኽ" ይሉታል። ሊባኖስ ውስጥ በዕረፍት ቀንሽ ብቻሽን መሄድ ከቻልሽ፣ ሙስተውሰፍ የሚባሉት ጤና ጣቢያዎች ከግል ክሊኒክ በጣም ይረክሳሉ።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም፤ በ2009 የወጣው አንድ ወጥ የሥራ ውል ግን አሠሪው የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባልሽ ያስገድዳል። የኢንሹራንስ ካርድሽን ፎቶ አንሺው። ኩዌት ውስጥ በ2015 የወጣው ሕግ ቁጥር 68 መድኃኒትና ሕክምናን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ፓፍሽን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ የማስቀመጥ መብት ማንም የለውም።

ደረትሽ ከተዘጋ

ቀና ብለሽ ተቀመጪ፣ አትጋደሚ። ከሰማያዊው ፓፍ አንድ ጊዜ ሳቢ፤ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ቆይተሽ ድገሚ፣ እስከ 10 ጊዜ ድረስ። ካልተሻለሽ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተሽ ወይም ከንፈርሽ ከጠቆረ ፈቃድ አትጠብቂ፤ ፓፍ እንኳ ባይኖርሽ ወዲያው ደውዪ። ሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው፣ በነፃ ነው። ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999። መናገር ካቃተሽ "ማፊ ነፈስ" በዪ፤ "ትንፋሽ የለም" ማለት ነው፣ ይገባቸዋል።

የሚጠይቁሽ አድራሻ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራበትን ቤት አድራሻ አናውቅም። ዛሬውኑ የመንገዱን፣ የሕንፃውንና የፎቁን ስም ጠባቂውን አስጽፈሽ ከፓፍሽ ጋር በአንድ ኪስ አስቀምጪው፤ ሎኬሽኑንም በዋትስአፕ ለአንዲት ጓደኛሽ ላኪላት።