አራቱንም ቁጥሮች አንብቧቸው!

የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪና የጌዶ ወዳጆቼ! «ኮሌስትሮሌ ኖርማል ነው ተብያለሁ» ብሎ የምርመራ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ የሚከት ሰው በየከተማችን አለ። እሰየው! ግን ያንን ወረቀት እንደገና ዘርጉት። የደም ቅባት ምርመራ አራት ቁጥሮች አሉት፤ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ «መጥፎው» የሚባለው ኤልዲኤል፣ «ጥሩው» የሚባለው ኤችዲኤል እና ትራይግሊሰራይድ የተባለው ቅባት። የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ማቆም ልብን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የጤና ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ኢትዮጵያውያን 5.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ያለው ግን 21 በመቶ፣ ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለው ደግሞ 68.7 በመቶ ነበሩ። የእኛ የቤት ሥራ ያለው ብዙ ሰው በማያነበው መስመር ላይ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ብቻውን አይጓዝም፤ ኤልዲኤልን የመሰሉ ጥቃቅን ተሸካሚዎች ይዘውት ይዞራሉ። ትራይግሊሰራይድ ሲጨምርና ኤችዲኤል ሲቀንስ የኤልዲኤል ተሸካሚዎች መጠናቸው ያንሳል፣ ቁጥራቸው ይበዛል። ከጉደር አምቦ የሚሄድ 40 ኩንታል ጤፍ አንድ አይሱዙ ይወስደዋል፤ በባጃጅ ይጫን ከተባለ ግን መንገዱ ይጨናነቃል። ጭነቱ ያው ነው፣ የተሽከርካሪው ብዛት ግን አይገናኝም። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ የሚገባው ተሸካሚው ነውና ብዛቱ ወሳኝ ነው። «የእኔ ትልልቁ ዓይነት ስለሆነ አይጎዳኝም» ማለት አያዋጣም፤ ትልቁም ትንሹም ይገባል።

ደስ የሚለው፣ የጎጂ ተሸካሚዎቹን ብዛት ለመገመት ውድ ምርመራ አያስፈልጋችሁም። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ። በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ ጠቅላላው 190፣ ኤችዲኤል 35 ቢሆን 155 ይቀራል። 190 «ደህና» ይመስላል፤ የቀረው ግን ለብዙ ሰው ከሚመከረው 130 በላይ ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች፣ ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በላይ ሲሆን መልካም ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ወይም ከቤተሰቡ በልብ ሕመም የተያዘ ያለው ሰው ደግሞ ግቡን ከሐኪሙ ጋር ይወስን፤ የታዘዘለትን መድኃኒትም በራሱ አያቋርጥ።

አሁን ወደ ሥራ! መፍትሔው ደጃችን ላይ ነው። የሚረጋውን የፓልም ዘይት በራሳችን ኑግ ዘይት ተኩ፤ ኤልዲኤልን ዝቅ የሚያደርግ ቅባት የበዛበት ነው። ከደንዲና ከጀልዱ ደጋ የሚወርደው ገብስ ቆሎም ቂንጬም ሆኖ ገበታችሁ ላይ ይመላለስ፤ አሰሩ ኮሌስትሮልን ይዞ ይወጣል። ሽሮና ባቄላ ይብዛ፣ ቅቤና ጮማ ለአውዳመት ይቆይ። ለስላሳና አረቄ ትራይግሊሰራይድን ያንራሉና ቀንሷቸው። ሲጋራ የምታጨሱ ዛሬውኑ ለማቆም ቁረጡ። ባጃጅ ከመሳፈራችሁ በፊት እግራችሁን አስቡ፤ በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ትራይግሊሰራይድን ያወርዳል፣ ኤችዲኤልንም ያግዛል።

ማንም ሰው ከወላጆቹ የወረሰውን አይመርጥም፤ የሚበላውንና የሚራመደውን ግን ይመርጣል። በዚህ ሳምንት ወረቀታችሁን አውጡ፣ ቅነሳውን ሥሩ፣ ከላይ ካነበባችሁት አንዱን ለውጥ ጀምሩ። ከሦስት ወር በኋላ ተመርመሩና ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ትችላላችሁ!