ማልማትና መጠበቅ፦ ስለ ገበሬው ወገናችን የተዘጋጀ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በቮስሎሩስና በአካባቢው ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። እኛ በሱቃችን የበቆሎ ዱቄት ብንሸጥም፣ የወላጆቻችን ጎተራ ዛሬም የሚሞላውና የሚጎድለው በክረምቱ ዝናብ ነው። ከሀድያና ከከምባታ የመጡ ወንድሞቻችን እንደሚያውቁት፣ ለልጅ የመንገድ ወጪ በሬ የተሸጠበት ቤት ጥቂት አይደለም። በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ግማሽ ምርቱን ያጣል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ገበሬውን በዕውቀት የምትረዳበትን መንገድና የእኛን ድርሻ እንመልከት።

ሀ. የቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም ስለ ገነት ሁለት አደራ ተቀብሏል፤ አንደኛው ማልማት፣ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። መጠበቅ የሌለበት ልማት አፈሩን ያራቁታል፤ ልማት የሌለበት ጥበቃም እንጀራ አይሆንም። ዮሴፍም በግብፅ በጥጋቡ ዘመን የምርቱን አምስተኛ እጅ አከማችቶ ሕዝብን ከራብ አተረፈ። የእግዚአብሔርን ፈቃድ ማወቁ ከመለካትና ከማከማቸት አላሳረፈውም።

ቤተ ክርስቲያናችንም የገበሬውን ሥራ ከጸሎቷ አልለየችም። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀው ዘመነ ክረምት ሲከፈል፣ የመጀመሪያው ክፍል የዘርና የደመና ነው። መጠበቁንም አልረሳችም፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት እንዳሳዩት፣ በደቡብ ጎንደር ሜዳው ሲራቆት ሀገር በቀል ዛፎች የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው።

ለ. ከጎረቤት ሀገር የተገኘ ልምድ

በዚምባብዌ ብራያን ኦልድሪቭ የተባሉ ክርስቲያን ገበሬ እርሻቸው በኪሳራ ላይ ሳለ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አስተዋሉ። በጫካ ውስጥ ማንም ሳያርሰው ምድሩ ያፈራል፤ የረገፈው ቅጠልም አፈሩን እንደ ልብስ ይሸፍነዋል። በሁለት ሄክታር ላይ ሞክረው ውጤቱን አዩ። ከዚህ የተነሣው ትምህርት በአብያተ ክርስቲያናት በኩል ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዳርሷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማሳው አይታረስም። ገበሬው ገና በበጋው በገመድ እየለካ በመስመር መካከል 75፣ በጉድጓድ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጠብቆ በዶማ ይቆፍራል። በየጉድጓዱ ፍግ ያደርጋል፤ ዝናቡ እንደ ጣለም ሳይዘገይ በቆሎውን ይዘራል። መሬቱን በአገዳና በሣር ጉዝጓዝ ይሸፍነዋል። ጉዝጓዙ እርጥበትን ይይዛል፣ አረምን ይቀንሳል፣ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው ይከላከላል። በሬ ስለማይጠይቅም ድኻዋ መበለት ሳትቀር ልትሠራው ትችላለች።

የዚምባብዌ መንግሥት በ2020 እ.ኤ.አ. ይህን ዘዴ «ፉምቩድዛ» በሚል ስም በሀገር ደረጃ አስፋፍቷል። የአንዱ ቤተሰብ ማሳ 39 ሜትር በ16 ሜትር ሲሆን 52 መስመሮች አሉት። የዓመቱም ሳምንታት 52 ናቸውና፣ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሳምንት ቀለብ እንዲሆን ታስቧል። ሰፊ መሬት ለሌለው ይህ ስሌት ትልቅ ትምህርት ነው።

ሐ. ልናስተውለው የሚገባ

የሌላውን ሀገር ልምድ ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም። በሀገራችን ገለባው የከብት መኖ፣ ኩበቱም ማገዶ ነው። ጉዝጓዝና ፍግ ለአፈሩ ይቅር ስንል፣ ላሟ ምን ትበላለች? እሳቱስ በምን ይነዳል? የሚለውን አብረን መመለስ አለብን። ዘዴው ለበቆሎና ለማሽላ ቢስማማም፣ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ለሆነው ጤፍ እንዳለ አይሆንም። ስለዚህ ገበሬው መጀመሪያ በማሳው ጥግ ይሞክረው፤ ቀለቡን በሙሉ ለሙከራ አያውል።

ሌላም አለ። መልካም አሠራር በረከትን እንደ ግዴታ አያስከፍልም። ሰብሉ በበረዶ የጠፋበትን ወንድም «እምነትህ ጎድሎ ነው» ማለት በጻድቁ ኢዮብ ላይ ወዳጆቹ የሠሩትን በደል መድገም ነው።

መ. የእኛ ድርሻ

የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ከተቋቋመበት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገጠር ልማት ሲሠራ ቆይቷል። ከዚህም በላይ ብዙ የገጠር ካህናት ራሳቸው አራሾች ናቸው። ካህኑ በገዛ ማሳው ያሳየውን ጎረቤቱ በዓይኑ አይቶ ያምናል፤ ከመቶ ቃል አንድ የለማ ጥማድ ይበልጣል።

እኛ ለማዳበሪያ የምንልከው ገንዘብ በአንድ ክረምት ያልቃል፤ ዕውቀት ግን ከዘር ጋር ይተላለፋል። ስለዚህ ከምንልከው ጥቂቱን ለሥልጠና ብናውለው መልካም ነው። ከመስጠታችን በፊት ግን እንጠይቅ፦ አሠልጣኙ ራሱ አርሶ ያውቃልን? ከአንድ ክረምት በኋላ ተመልሶ ማሳውን ያያልን? ሴቶች ገበሬዎችስ ተጠርተዋልን?

ለውይይት፦
1. በመንደራችሁ አፈሩ ከአያቶቻችሁ ዘመን ወዲህ እንዴት ተለወጠ?
2. በሬ የተሸጠበትን ቤት በምን እንደግፈው?

ማሳውን ለአባቶቻችን አደራ የሰጠ አምላክ እኛንም ታማኞች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።