በግል ይዞታ ላይ የሚሠራ አነስተኛ የጎርፍ መከላከያ ግድብና ደኅንነቱ

ከዳገት የሚወርድ ጎርፍ ማሳቸውን እየቆረጠ ያስቸገራቸው አርሶ አደሮችና ባለሀብቶች ሸለቆውን በአፈር ዘግተው ጎርፉን የሚያስታግስ ግድብ ይሠራሉ። ሥራው የሚደገፍ ነው። ሆኖም እርከን ወይም ክትር ቢፈርስ የሚጎዳው በአብዛኛው መሬቱ ሲሆን፣ ውሃ ያቆረ ግድብ ሲፈርስ ግን የሚጎዳው ከታች ያለው ሰው ነው። ግድቡ የአንድ ሰው ነው፤ አደጋው የሚያርፈው ግን በጎረቤት ላይ ነው።

የውሃውን መጠን በቁጥር እንየው። 30 ሜትር በ40 ሜትር የሆነና በአማካይ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ማቆሪያ 2,400 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 10 ኩንታል ስለሚመዝን፣ ይህ 24,000 ኩንታል ማለት ነው። ከበላዩ ያለው ተፋሰስ 10 ሄክታር ቢሆን፣ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብና ግማሹ ወደ ጎርፍ ቢለወጥ 2,500 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንድ ብርቱ ዝናብ ብቻውን ባዶውን ማቆሪያ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላዋል ማለት ነው።

የጎርፍ ግድብ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል

በእኔ አመለካከት ትልቁ ችግር የሚመጣው ከአሠራሩ ይልቅ ከአጠቃቀሙ ነው። ጎርፍ ለማስታገስ የተሠራ ግድብ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ወደ መስኖ ማጠራቀሚያነት ይለወጣል። ባለቤቱ ውሃው እንዳይባክንበት ማስተንፈሻውን በድንጋይና በአፈር በተሞላ ጆንያ ከፍ ያደርገዋል። ውሃው ለሽንኩርቱ ይጠቅማል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሐምሌ ላይ ሞልቶ የቆየ ግድብ የሚቀጥለውን ጎርፍ የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ማስተንፈሻው ደግሞ ተዘግቷል። የቀረው መንገድ በግድቡ አናት ላይ መፍሰስ ብቻ ነው። በአናቱ ውሃ የፈሰሰበት የአፈር ግድብ የታችኛው ገጹ እየተሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ሊቆረጥ ይችላል።

ይህ በሌላም አገር የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ጆንስታውን ከተማን ያጠፋው ጎርፍ የመጣው የአንድ የግል መዝናኛ ክበብ ንብረት ከነበረ የአፈር ግድብ ነው። የግድቡ አናት ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ ዓሣ እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው ላይ የተደረገው ወንፊትም በግንድና በቆሻሻ ተደፈነ። ከ2,200 በላይ ሰው ሞተ። በቅርቡ ደግሞ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ በጎረቤታችን ኬንያ፣ ናኩሩ አውራጃ ሶላይ በተባለ ቦታ፣ የአንድ የግል እርሻ ግድብ ከብርቱ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ስለዚህ የማስተንፈሻው ወለል ከግድቡ አናት ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅ ያለ ይሁን። የሚቆፈረውም ከግድቡ ጎን ባለው ያልተነካ ጠንካራ መሬት ላይ እንጂ በተደለደለው አፈር ላይ አይሁን። ከሰኔ በፊት ደለሉንና ቁጥቋጦውን ጥረጉ። አዲስ ግድብ ከጊዜ በኋላ ይሰምጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰምጠው ከፍታው በሚበዛበት መካከሉ ላይ ነው። በዓይን ደልዳላ ቢመስልም በገመድና በውሃ ልክ ለኩት።

ሥርገትና ስንጥቅ

ከግድቡ ግርጌ ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ ቢወጣና መጠኑ ካልጨመረ ምልክት አድርጎ መከታተል ይበቃል። ውሃው ከደፈረሰ ግን አፈር ይዞ እየወጣ ነው፤ በግድቡ ሆድ ውስጥ ቀዳዳ እየሰፋ መሆኑን ያሳያል። ይህንን ከታች በጭቃ መድፈን ትልቅ ስህተት ነው፤ ውሃው ሌላ መውጫ ይፈልጋል። በላዩ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ መደርደር ውሃው እንዲያልፍ፣ አፈሩ ግን እንዲቀር ያደርጋል። ጎን ለጎን በፓምፕ ወይም በጎማ ቱቦ የውሃውን ከፍታ መቀነስ ያስፈልጋል። ግድቡን ራሱን ቆርጦ ማፍሰስ ፈጽሞ አይሞከርም።

በግድቡ ውስጥ የውሃ ማውጫ ቱቦ ካለ ዙሪያውን በተለይ ተመልከቱ፤ በደንብ ያልተጠቀጠቀ አፈር በቱቦው ጎን ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ፍልፈል፣ ጃርትና ምስጥም እንዲሁ ናቸው።

የዋልካ አፈር ውሃ ይይዛል ተብሎ ይወደዳል፤ በበጋ ግን ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው የክረምት ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ያልታሰበ ጉዳት ያደርሳል። ስንጥቁን ከክረምት በፊት ቆፍሮ፣ እርጥበት ያለው አፈር በስሱ እየጨመሩ መጠቅጠቅ ነው። በገጹ ላይ ሰርዶ ወይም ቬቲቨር ሣር ይተከል። ባሕር ዛፍ ግን በግድብ ላይ ቦታ የለውም። ቀድሞ ተተክሎ ትልቅ ከሆነ ዝም ብሎ መቁረጥ ሥሩ በስብሶ ቀዳዳ እንዲቀር ስለሚያደርግ ባለሙያ ይየው። ከብትም በግድቡ ላይ አይሰማራ።

ፈቃድና ማስጠንቀቂያ

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ ግንባታ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋል። «በራሴ ይዞታ ላይ ነው» የሚለው መልስ አይሆንም። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ከግድቡ በታች በጎርፉ መንገድ ላይ ያሉትን ቤቶች ቆጥራችሁ የእያንዳንዱን አባወራና እማወራ ስልክ ያዙ። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ጥሩንባ ማን እንደሚነፋና ሰው ወደየትኛው ከፍታ እንደሚወጣ በበጋ ተነጋገሩ። ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን ማን እንደሚያወጣም ይወሰን። የደፈረሰ ሥርገት፣ አዲስ ስንጥቅ ወይም የተንሸራተተ ገጽ ከታየ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፤ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ለቀበሌው ወዲያው ይነገር። የጥገና ሙከራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሌሊት ዝናብ ግድቡን ለማየት ብቻውን የሚሄድ ሰው አይኑር፤ አናቱ ላይም አይቁም።

ለመስክ ልምምዱ ቀን 20 ሜትር ገመድ፣ የውሃ ልክና አካፋ ይዛችሁ ኑ። ሥርገቱን የምናየው ውሃ ቀድተን ስለሆነ ነጭ ጠርሙስም አትርሱ።