የላም እንቍልጢ በአንጎል ሥር ያለችውን ዕጢ እንዴት እንደምታዝዝ፤ ስለ ማዳቀያ መርፌም የሚገባ ጥንቃቄ

ከእንጦጦ ግርጌ፤ በጉለሌ፤ ቁስቋም በሚባለው ሠፈር አንዲት ባልቴት የሚተዳደሩባት የወተት ላም ነበረቻቸው። የማዳቀል ዘመቻ ነው ተብሎ የሠፈሩ ላሞች በአንድ ቀን ተሰብስበው ሲወጉ የእርሳቸውም ላም ሳትመረመር ከሌሎቹ ጋራ ተወጋች። ላሚቱ ግን የሦስት ወር ፅንስ ይዛ ኖሮ በጥቂት ቀን ውስጥ ጨነገፈች። መርፌው የተበላሸ አልነበረም፤ የወጋውም ሰው ክፉ አላሰበም። የጐደለው መርፌው በላም ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ነው። እንግዲህ ዘመቻውን የሚያዝዙ ሹማምንትና ከብታቸውን የሚያስወጉ ባለቤቶች ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱት ይህ ትምህርት ተጽፏል።

1ኛ፤ ከላይ ስለሚወርደው ትእዛዝ።

በላም አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ባቄላ የምታህል ዕጢ ተንጠልጥላ ትገኛለች። ከእርስዋ በላይ ሃይፖታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ፤ እርሱም በቀጫጭን የደም ሥሮች መልእክት ይልክላታል። መልእክቱ ሲደርሳት ፒቱታሪ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች። ሆርሞን ማለት በአንድ ዕጢ ተሠርቶ በደም እየተጓዘ ሌላውን የሰውነት ክፍል የሚያዝዝ ቅመም ነው። ከሁለቱ አንደኛው፤ ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለው፤ በእንቍልጢ ውስጥ እንቍላል የያዙትን ትናንሽ ከረጢቶች ያሳድጋል። ሁለተኛው፤ ኤል ኤች የሚባለው፤ የደረሰውን ከረጢት አፈንድቶ እንቍላሉን ያወጣል። ለፒቱታሪ የሚላከውን መልእክት ሮዤ ጊይመን ከበግ፤ አንድሩ ሻሊ ከዓሣማ አንጎል አውጥተው ስለ መረመሩ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

2ኛ፤ ከታች ስለሚመለሰው ወሬ።

እንቍልጢ ግን የታዘዘችውን ብቻ የምትፈጽም አይደለችም። አገረ ገዥ ትእዛዝ ከሰጠ በኋላ ከምስለኔው በሚደርሰው ወሬ ትእዛዙን እንደሚያጠብቅ ወይም እንደሚያላላ፤ ፒቱታሪም ከእንቍልጢ በሚመጣላት ወሬ ሥራዋን ትለዋውጣለች። ይህንን መመላለስ ካርል ሙርና ዶረቲ ፕራይስ የሚባሉ የቺካጎ ሊቃውንት በአይጥ መርምረው በ1932 ጽፈውታል።

የእንቍልጢ ዋና ወሬዎች ሁለት ናቸው። እንቍላል ከወጣ በኋላ በቦታው ቢጫ አካል ይበቅላል፤ እርሱም ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን ይሠራል። ፕሮጄስትሮን ልጓም ነው፤ ኤል ኤች በብዛት እንዳይለቀቅ ይይዛል፤ ማሕፀንንም ለፅንስ ያዘጋጃል። በማደግ ላይ ያለው ከረጢት ደግሞ ኤስትራዲዮል የሚባለውን ይሠራል። ኤስትራዲዮል ጥቂት ሲሆን ይከለክላል፤ ሌሎች ከረጢቶች እንዳያድጉ ኤፍ ኤስ ኤችን ያሳንሳል። ነገር ግን ቢጫው አካል ጠፍቶ ልጓሙ ሲወልቅና ኤስትራዲዮል ሲበዛ፤ ያው ከልካይ የነበረው ተመልሶ አነሣሽ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ፒቱታሪ ኤል ኤችን እንደ ክረምት ጎርፍ በአንድ ጊዜ ትለቃለች። ላሚቱም ኮርማ ትሻለች፤ መሻት ከጀመረች ከ24 እስከ 32 ሰዓት ግድም ቈይቶ እንቍላሉ ይወጣል።

3ኛ፤ ስለ 21 ቀን ዙር።

ይህ ሁሉ በ21 ቀን ያህል ይዞራል። ላሚቱ ያልፀነሰች እንደ ሆነ፤ በ16ኛው ወይም በ17ኛው ቀን ግድም ማሕፀንዋ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ቅመም አፍልቆ ቢጫውን አካል ያጠፋል፤ ዙሩም እንደ ገና ይጀመራል። የፀነሰች እንደ ሆነ ግን ፅንሱ ራሱ ምልክት ሰጥቶ ይህን ያስቀራል፤ ቢጫውም አካል ፀንቶ ይኖራል።

4ኛ፤ ስለ መርፌው።

በአገራችን ከብትን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ከቈየ በኋላ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ግድም በሐዋሳና በይርጋለም፤ በመቀሌና በአዲግራት ዙሪያ ብዙ ላሞችን በመርፌ በአንድ ሰሞን ኮርማ እንዲሹ አድርጎ ማዳቀል ተሞከረ፤ ከዚያም ወደ ሌላው አገር ተስፋፋ። መርፌው ያው ፕሮስታግላንዲን ነው። ስለዚህ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ቢጫውን አካል ያጠፋል፤ ልጓሙ ይወልቃል፤ ላሚቱም ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ኮርማ ትሻለች።

ከዚህ አራት ነገር ይከተላል። አንደኛ፤ የፀነሰች ላም ፅንስዋን የሚጠብቀው ያው ቢጫ አካል ነውና፤ ብትወጋ ትጨነግፋለች። ሁለተኛ፤ ከስታ ወይም ጥጃ ሁልጊዜ እየጠባት ዙርዋ የቆመባት ላም የሚጠፋ ቢጫ አካል የላትምና መርፌው አይጠቅማትም፤ ለእርስዋ መድኃኒትዋ መኖ ነው። ሦስተኛ፤ ቢጫው አካል ለመርፌ የሚታዘዘው ከ6ኛው እስከ 16ኛው ቀን ግድም ብቻ ስለ ሆነ፤ ዙራቸው ካልቆመ 100 ላሞች በአንድ መርፌ የሚነሡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የቀሩትን መሲና ናቸው ብሎ ለሥጋ መሸጥ ስሕተት ነው። አራተኛ፤ በ11ኛው ቀን ሁለተኛ መርፌ ቢወጉ፤ በዚያን ጊዜ ሁሉም ማለት ይቻላል በሚታዘዙበት ቀን ላይ ይገኛሉ።

5ኛ፤ ሹማምንትና ባለከብቶች ሊጠብቁት የሚገባ።

ማናቸይቱም ላም በሠለጠነ እጅ ሳትመረመር አትወጋ። ፅንሱ 2 ወር ሲሞላው በእጅ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲህ ኮርማ ያገኘች ላም ግን ምርመራው ሊያሳስት ይችላልና እስኪለይላት ትቈይ። ኮርማ ያገኘችበትን ቀን ባለቤቱ በጽሑፍ ይያዝ።

የአገራችን ላም የመሻትዋ ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይሆናልና፤ ማለዳና ማታ ሳይሰለቹ መመልከት ያስፈልጋል። እውነተኛው ምልክት ሌላ ከብት ሲጫናት ቆማ መቀበልዋ ነው። ጠዋት የታየች በዚያው ቀን ማታ፤ ማታ የታየች በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀል።

መድኃኒቱ በቈዳ ውስጥ ያልፋል፤ ነፍሰ ጡር ሴትና የአስም በሽታ ያለበት ሰው አይንካው። ለላሚቱ ፅንስ የሚያሠጋው ለሰውም ፅንስ ያሠጋል።

የዘመቻ ሥራ በተወጉት ላሞች ቍጥር አይመዘን፤ በተወለዱት ጥጆች ይመዘን። ብዙ ላም አስወግቶ ብዙ ቍጥር ለበላይ ማስታወቅ ቀላል ነው። በቁስቋም ያሉት ባልቴት ግን ከዚያ ቍጥር ውስጥ አንዷ የእርሳቸው ላም ነበረች፤ ለእርሳቸው የቀረላቸው ዓመቱን ሙሉ ያለ ወተት መኖር ነው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ምርመራ ይህን ሁሉ ባስቀረ ነበር።