ታኪኖንና ዶሮን በአንድ ግቢ ስለ ማርባት

በግቢያቸው ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ታኪኖ ወይም ተርኪ የተባለውን፣ ትውልዱ ከአሜሪካ የሆነውን ትልቅ ወፍ ለመጨመር ሲሹ፣ ብዙ ጊዜ ዕንቁላሉን ገዝተው መታቀፍ በጀመረች ዶሮ ሥር ያኖራሉ። የዶሮ ዕንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የታኪኖው 28 ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ለታቃፊዪቱ እህልና ውኃ በቅርብ ሊቀርብላት ይገባል።

ከተፈለፈሉ በኋላ ግን አሳዳጊዪቱ ሳታውቀው ጠላት ትሆናለች። በዶሮ ዕውር አንጀት ውስጥ ቀጭን ትል ይኖራል፤ በትሉም ዕንቁላል ውስጥ ሂስቶሞናስ የተባለ በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ይደበቃል። ዶሮ በዚህ እምብዛም አትጎዳም፤ ታኪኖ ግን ብዙውን ጊዜ ይሞታል። ክንፉ ይወርዳል፣ መብል ይተዋል፣ ኩሱም እንደ ድኝ ቢጫ ይሆናል። ሬሳው ሲከፈት በጉበቱ ላይ ክብ ክብ ቁስል ይታያል።

የትሉ ዕንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በአሜሪካ አገር ለዚሁ በሽታ የተፈቀደው የመጨረሻው መድኃኒት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ከገበያ ወጥቷል፤ እንግዲህ ዋናው ነገር አስቀድሞ መከላከል ነው።

ብልህ አርቢ የታኪኖን ጫጩቶች እንደ ተፈለፈሉ ከዶሮይቱ ለይቶ በሞቀ ሣጥን ያኖራቸዋል። ኋላም ዶሮ ባልረገጠው መሬት፣ ወይም ከምድር ከፍ ባለ የሽቦ ወለል ላይ ያሳድጋቸዋል። ከዶሮው ቤት ወደ ታኪኖው ሲሄድ ጫማውን ይለውጣል፤ የሞተውንም በጥልቅ ይቀብራል። ግቢው የጠበበበት ሰው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢያረባ ከኪሳራ ይድናል።