«ቀልቤ አልሰበሰብ አለኝ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ33 ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምኖረው ዳንግላ ነው። ለጥር 23 የእንጅባራ የፈረስ በዓል ብዙ ሰው ልብስ ያሰፋኛል። አንዱን ቆርጬ ሳልጨርስ ሌላውን አነሳለሁ፤ መቀሱን የት እንዳስቀመጥኩ ስፈልግ ይመሻል። ሰው እያወራኝ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። የወደድኩት ጥልፍ ከሆነ ግን እህል ውኃ ሳልል ሌሊቱን አነጋዋለሁ። ቤተሰቤ «ሰነፍ» ይለኛል፤ አንድ ወዳጄ ደግሞ «ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ነው» አለኝ። ይህ የልጆች ችግር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሲጠልፍ የሚያድርን ሰው ሰነፍ ማለት ትክክል አይደለም። ትኩረት አለዎት፤ በፈለጉት ሰዓት ግን አይታዘዝልዎትም። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው።

ችግሩ በልጅነት ይጀምራል፤ ብዙዎች ግን ይዘውት ያድጋሉ። ከመቶ ዐዋቂዎች 2 ወይም 3 የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል። የልጅነቱ መቅበጥበጥ ከዕድሜ ጋር ይቀንስና የሐሳብ አለመርጋት ሆኖ ይቀራል። በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው፤ እርግማን አይደለም፣ የወላጅ ጥፋትም አይደለም።

ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት ስላለባቸው ልጅነትዎን ልጠይቅዎ። ከብት ሲጠብቁ ሐሳብዎ ነጉዶ ከብቱ የሰው አዝመራ ውስጥ ይገባ ነበር? ደብተር እየጣሉ ይመጡ ነበር? እናትዎ ካሉ ይጠይቋቸው። ሕመሙ በደምም በራጅም ስለማይታወቅ እርሳቸው የሚያስታውሱት ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። በቅርብ የጀመረዎት ከሆነ ግን ሌላ ነገር እጠረጥራለሁ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ድባቴ፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን መዛባት። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ሰው በስጋት ኖሯል፤ ስጋትም ቀልብ ይበትናል።

ጥያቄ፦ ጫት ስቅም ሐሳቤ ይሰበሰባል። ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን ስለሚያነቃቃ ለጥቂት ሰዓት የተሻለዎት ይመስልዎታል። ከዚያ እንቅልፍ ይነሳዎታል፤ በማግስቱ ቀልብዎ ይብስ ይበተናል።

ለኤዲኤችዲ መድኃኒትም አለ። ሜቲልፌኒዴት ብዙዎችን ይረዳል፤ ሆኖም በየፋርማሲው አይገኝም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አይወሰድም፤ የደም ግፊትና የልብ ሁኔታ ቀድሞ መታየት አለበት። ዳንግላ ወይም እንጅባራ ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይጠይቁ፤ ካስፈለገም ባሕር ዳር ወደ ጥበበ ጊዮን ወይም ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉ።

እስከዚያው ሱቅዎን እንለውጠው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጨርቅ ብቻ ይቀመጥ፤ የቀረው ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ ከዓይንዎ ይራቅ። መቀሱን በረጅም ክር ከማሽኑ ጋር ይሰሩት። በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ የባለቤቱን ስምና የቀጠሮውን ቀን ጽፈው በስፒል ያያይዙ። «ቀሚስ እሰፋለሁ» ብለው ከሚነሱ «አሁን እጅጌውን» ይበሉ፤ የስልክዎን ደወል ለ25 ደቂቃ ይሙሉና እስኪጮህ ከወንበሩ አይነሱ። ደንበኛ ሲመጣም ደብተርዎን ሳይገልጡ «ነገ ይደርሳል» አይበሉ።

ለቤተሰብዎም አንድ ሥራ ልስጥ። «ሰነፍ» ማለቱን ይተዉና ከመካከላቸው አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት «ዛሬ የማንን ልብስ ትጨርሳለህ?» ብሎ ይጠይቅዎት።