አፈሩን ከመመርመራችን በፊት መሣሪያውን እንመርምር

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ያለውን ዋልካ አፈር ያየ ሁሉ ጠባዩን ያውቀዋል። በክረምት ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። እንዲህ ላለው አፈር ጠባይ ዋነኛው ምክንያት ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ውኃ ሲገባበት ንብርብሮቹ ይራራቃሉ። ይህን ርቀት የምንለካው በኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ ነው።

ሎረንስ ብራግ እ.ኤ.አ. በ1912 ባቀረበው ሕግ መሠረት፣ የጨረሩን የሞገድ ርዝመት ለማዕዘኑ ሳይን እጥፍ ስናካፍል ርቀቱን እናገኛለን። መሣሪያው የሚያነብበው ግን የማዕዘኑን እጥፍ ነው። በመዳብ ጨረር (1.5406 አንግስትሮም) 15 አንግስትሮም የሆነው ስሜክታይት በ5.89 ዲግሪ፣ የማያብጠው ክሎራይት (14.2 አንግስትሮም) ደግሞ በ6.22 ዲግሪ ይታያል። ልዩነቱ 0.33 ዲግሪ ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን ያህል ቢዛባና በአንድ ንባብ ብቻ ብንወስን፣ ለመንገድና ለቤት ሠሪዎች የምንሰጠው ምክር የተሳሳተ ይሆናል።

ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ እኛም መሣሪያውን በማመሳከሪያ ናሙና እንፈትሻለን። ከታወቁት አንዱ የሲሊከን ዱቄት ሲሆን የመጀመሪያ መስመሩ በ28.44 ዲግሪ ይገኛል። የተመሰከረለት ናሙና ውድ በመሆኑ ለዕለት ሥራ ኳርትዝ ማዘጋጀት ይቻላል፦

1. ነጭና ንጹሕ ኳርትዝ መርጦ መውቀጥ፤
2. በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ቀጥሎም በውኃ አጥቦ ማድረቅ፤
3. ከ10 ማይክሮን በታች እስኪደርስ መፍጨት፤ ከልክ በላይ ከተፈጨ ግን መስመሮቹ ይሰፋሉ፤
4. ከተመሰከረለት ሲሊከን ጋር ደባልቆ በመለካት ዋና መስመሩ 26.64 ዲግሪ ላይ መሆኑን ማረጋገጥ፤
5. ዱቄቱን ከመያዣው ጠርዝ እኩል መደልደል። የመሣሪያው ሬዲየስ 185 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የ0.1 ሚሊሜትር ከፍታ ልዩነት ንባቡን 0.06 ዲግሪ ያህል ያዛባል።

ይህ ብቻ ግን አይበቃም። የ0.1 ዲግሪ ስሕተት በኳርትዝ መስመር ላይ ርቀቱን በ0.012 አንግስትሮም ሲያዛባ፣ በ6 ዲግሪ ላይ ግን በ0.25 አንግስትሮም ያዛባዋል፤ ሃያ እጥፍ መሆኑ ነው! ስለዚህ ለሸክላ ማዕድናት በ8.85 ዲግሪ የሚታየውን የፍሎሮፍሎጎፓይት ሚካ ማመሳከሪያም መጨመር ይገባል። በመጨረሻም አፈሩን በኢትሊን ግላይኮል እንፈትናለን፤ ስሜክታይት ወደ 17 አንግስትሮም ይሰፋል፣ ክሎራይት ግን ባለበት ይቆያል።

ውድ ተማሪዎች፣ እነዚህን ቁጥሮች በሒሳብ መሣሪያችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። ያልተፈተሸ መሣሪያ የሰጠንን ቁጥር መረጃ ብለን ልንጠራው አይገባም።